ለሚስቁልን ምስጋና

ውለታቸው ከተረሳ ባለውለታዎች መካከል፣ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የንግድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲያካሂዱ የነበሩትን ሰዎች የሚያህል የለም። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ውለታውም የእነሱው ነውና።) ከሥራ ደክሞ የገባን ሰው ማዝናናት ማንም ያደርገዋል። እነዚህ ግን ሰውየው ራሱ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ተሸከሙለት። ሳቁለት፣ መረጡለት፣ በስሙ ወደዱለት። ለእሱ የቀረለት መቀመጥ ብቻ ነበር።

ምስጋና ቢስ ግን በየዘመኑ አይጠፋም። ሬዲዮና ቴሌቪዥንን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ሊቀመንበር ኒውተን ሚኖው ሜይ 9 ቀን 1961 በጣቢያ ባለቤቶች ማኅበር ጉባኤ ላይ ተገኝተው፣ ጣቢያችሁ ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት፣ የምታዩት ሰፊ ጠፍ መሬት ነው አሏቸው። በሰው ድግስ ላይ እንዲህ ይባላል? ባለቤቶቹ ጨዋዎች ስለሆኑ በትዕግሥት ሰሙና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወደዚያው ሥራ።

ከሁሉ የሚልቀው ውለታ የሳቁ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ኮሜዲ በፊልም ሲቀረጽ ታዳሚ አይገባም ነበር። ካሜራው አንድ ነው፤ አንዱ ትዕይንት ከፊት፣ ከጎን፣ ከቅርብ፣ ከሩቅ እየተባለ ይደጋገማል። ያንኑ ቀልድ አምስቴ ሰምቶ አምስቴ የሚስቅ ጤነኛ ሰው ስለማይገኝ ስቱዲዮው ጭር ያለ ነው። ታዲያ ቤቱ የተቀመጠው ሰው የት ላይ መሳቅ እንዳለበት ማን ይንገረው? ይህን ጭንቅ የገላገለው ከሦስቱ ትላልቅ የቴሌቪዥን ድርጅቶች (ሲቢኤስ፣ ኤቢሲ፣ ኤንቢሲ) አንዱ በሆነው በሲቢኤስ የድምፅ መሐንዲስ የነበረው ቻርሊ ዳግላስ ነው። በ1950ዎቹ አንድ ሳጥን ሠራ፤ በ1960 የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው የሆሊውድ ኮሜዲ የሚስቀው በእሱ እጅና እግር ነበር።

ሳጥኑ ቁመቱ ከስድሳ ሳንቲ ሜትር በለጥ ይላል። ውስጡ ጫፍና ጫፋቸው ተቀጣጥሎ የሚዞሩ 32 የቴፕ ቀለበቶች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ አሥር ሳቅ አለ፤ ጠቅላላው 320 ሳቅ መሆኑ ነው። እንደ ጽሕፈት መኪና በተደረደሩ ቁልፎች የሳቁ ዓይነት፣ የሳቂው ፆታና ዕድሜ ይመረጣል። ርዝመቱ የሚወሰነው በእግር ፔዳል ነው። ከሥር ደግሞ ጥቂት ሰዎች በለሆሳስ የሚስቁበት 30 ሰከንድ የሚፈጅ ቀለበት ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ትልቁ ሳቅ ሲያበቃ አዳራሹ ድንገት ጸጥ እንዳይል ነው። ሳጥኑ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ እየተገፋ የሚሄደው በጓጉንቸር ተቆልፎ ነው። ሲበላሽም ሰው እንዳያይ ወደ ወንዶች መጸዳጃ ቤት አስገብተው፣ በሩን ከውስጥ ዘግተው ይጠግኑት ነበር ይባላል። የሕዝብ ሳቅ ከዚህ የተሻለ ክብር ያገኘበት ዘመን ካለ ይነገረን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ ተቆርጦ ተቀጥሎ ሲያልቅ ፕሮዲዩሰሩና ባለሙያው አብረው ተቀምጠው ያዩታል። እዚህ ፈገግ ያለች፣ እዚህ መካከለኛ፣ እዚህ ሆድ የሚያስይዝ እየተባባሉ ይስማማሉ። ባለሙያው በመጀመሪያ ቀልዱ ቶሎ የገባውን አንድ ሰው ይለቃል፤ ሴቶቹን ይጨምራል፤ ከዚያ አዳራሹን ሁሉ ይከፍትና ፔዳሉን ቀስ እያለ ያላላል። መጨረሻ ላይ ነገሩ ዘግይቶ የገባውን አንድ ምስኪን ብቻውን ያስቀዋል። የሙያው ጣፋጭ ቦታ ይህች ናት፤ የቀረው ሁሉ እውነት የሚመስለው በእሷ ነው።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሳቁ ከረዘመ ቀጥሎ የሚመጣውን ንግግር ይውጠዋል፤ ስለዚህ ፊልሙ ሲቆረጥ ለሳቅ የሚሆን ባዶ ቦታ አስቀድሞ ይተዋል። ባዶው ሰፍቶ ሳቁ ካጠረ ደግሞ ተዋንያኑ ያለ ምክንያት ሲተያዩ ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እኩል ሳቅ የሰጠ ሰው ሥራውን አበላሸ፤ አንድ ሁለቱን ደኅና ቀልድ በጥቂት ሳቅ ማሳለፍ ተመልካቹ እንዳይነቃ ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው ግን አንዲቱን ሴትዮ በአንድ ሳምንት ሦስት ፕሮግራም ላይ ማሳቅ ነው። ጆሮ ያለው ይለያታል።

ሳቂዎቹስ እነማን ነበሩ? ብዙው የተለቀመው ከኮሜዲያኑ ከሬድ ስኬልተን ትርኢት ታዳሚዎች ነው። ስኬልተን ያለ ቃል በእንቅስቃሴ ብቻ የሚጫወታቸው ክፍሎች ስለነበሩት፣ ሳቁ ንግግር ሳይገባበት ንጹሕ ሆኖ ይቀዳል። ሰዎቹ አንድ ምሽት ስቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ገና ባልተጻፈ ቀልድ፣ ገና ባልተወለደ ተዋናይ ዓመት ከዓመት ሲስቁ ኖሩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው። የእኛ አገር አልቃሽ እንኳ ሙሾ ከማውረዷ በፊት የሟቹን ስምና ሙያ ትጠይቃለች፤ ስትጨርስም የእጇን ታገኛለች። የስኬልተን ታዳሚዎች ማን እንደተቀለደ ሳይጠይቁ፣ ሳንቲም ሳይቀበሉ ነው ያገለገሉት።

የማይደርሱበት ቦታም አልነበረም። ኤቢሲ በ1960 በድንጋይ ዘመን ስለሚኖሩ ቤተሰቦች የተሠራ ካርቱን የማታ ፕሮግራም አድርጎ ሲያቀርብ ለካርቱኑም ሳቅ ተጨመረለት፤ በወረቀት ላይ የተሳሉ ሰዎች ፊት ወንበር ይዞ የሚስቅ ታዳሚ መሆኑ ነው። በ1964 ሲቢኤስ ላይ የጀመረ ሌላ ኮሜዲ ደግሞ ሰባት ሰዎች ጀልባ ተሰብሮባቸው ሰው በማይኖርበት ደሴት ቀሩ ይላል። በየሳምንቱ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ከቁጥቋጦው ኋላ ሆኖ ይስቅባቸዋል፤ ከመካከሉ አንድ እንኳ ለባሕር ኃይል የሚናገር አልተገኘም።

ሰው በራሱ ጊዜ ይሳቅ እንጂ የሚል ግትር ካለ፣ ሲቢኤስ በ1965 ፈትኖታል። በናዚ የጦር ምርኮኞች ካምፕ ውስጥ የሚካሄድ የአንድ ኮሜዲ መጀመሪያ ክፍል በሁለት ቅጂ ለሙከራ ተመልካቾች ታየ፤ አንደኛው ሳቅ ያለው፣ ሌላው የሌለው። ተዋናዩ ያው፣ ቀልዱ ያው። ሳቅ የሌለው ወደቀ፣ ሳቅ ያለው ተወደደ። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ሕዝቡ ረዳት ፈለገ፣ ረዳት ተሰጠው።

ወደ መውደዱ እንለፍ። የንግድ ጣቢያ ፕሮግራም ይሸጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ገበያውን አላየም። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ የሚሸጠው ተመልካቹ ነው፣ ዋጋውም በሺህ ሰው ይሰላል። ቀድሞ አንዱ ነጋዴ አንዱን ፕሮግራም ሙሉውን ይይዝ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጥያቄና መልስ ውድድሮቹ መልስ አስቀድሞ ለተወዳዳሪ እየተነገረ መሆኑ ሲጋለጥ፣ ጣቢያዎቹ «ከእንግዲህ ፕሮግራሙን ራሳችን እንይዛለን» ብለው ሰዓቱን በችርቻሮ፣ በአብዛኛው በ60 ሰከንድ እየቆረጡ ለብዙ ነጋዴ ማካፈል አዘወተሩ። ማጭበርበር በተጋለጠ ቁጥር ገቢ የሚያድግበት ሙያ ብርቅ ነው።

የሚሸጥ ነገር ይቆጠራል። የኒልሰን ኩባንያ ቴሌቪዥን ካላቸው ከ50 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶች መካከል ወደ 1,200 የሚጠጉትን መረጠና ኦዲሜትር የሚባል ሳጥን ከቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኘ። ሳጥኑ ቴሌቪዥኑ መቼ እንደተከፈተና የትኛው ቻናል ላይ እንደነበረ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ይመዘግባል። ቤተሰቡ የሞላውን ፊልም አውጥቶ በፖስታ ይልካል፤ አዲሱን ሲያስገባ ሳጥኑ ሁለት ባለ 25 ሳንቲም ይተፋለታል። አንዱ ቤት ከ40,000 በላይ ቤቶችን ይወክላል። በ50 ሳንቲም የከተማ እንደራሴ! ያውም ምርጫ የለ፣ ቅስቀሳ የለ፣ ሕዝቡ እንደራሴውን አያውቅ፣ እንደራሴው ሕዝቡን አያውቅ። ሳጥኑ የሚያውቀው መከፈቱን እንጂ ፊት ለፊቱ ማን እንዳለ አይደለም፤ ሶፋው ላይ አንኮራፍቶ የተኛውም፣ ባዶው ሶፋም እኩል ድምፅ አላቸው።

ለሂሳብ ወዳጆች፦ አንድ የሬቲንግ ነጥብ ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ሁሉ ከመቶ አንዱ ነው። ሼር ግን የሚሰላው በዚያ ሰዓት ከከፈቱት ብቻ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ አገር ተኝቶ አንድ ጣቢያ ብቻውን ከነቃ ሬቲንጉ ኢምንት፣ ሼሩ ግን ሰማይ ጠቀስ ይሆናል። ሬቲንጉ ያሳፈረው ሻጭ ለነጋዴው የትኛውን እንደሚያነብለት መናገር አያስፈልግም።

የሬዲዮው ቆጠራ ደግሞ የስልክም ነበረበት፤ ቆጣሪው ደውሎ አሁን ምን እያዳመጡ ነው ይላል። ብልህ ጣቢያ መላ አያጣም፦ «ስልክ ሲጮህ ሃሎ አትበሉ፣ የጣቢያችንን ስም ጥሩ፣ የደወልነው እኛ ከሆንን ሽልማት አለ» እያለ ያውጃል። ሬዲዮ ቤቱ የሌለው ሰው እንኳ ታማኝ አድማጭ ሆኖ ይመዘገባል። በ1963 ኦረን ሃሪስ የሚመሩት የኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ ቆጣሪዎቹን አስቀርቦ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ ሲመረምር ቀዳዳው በዛ። ኒልሰን ብዙም ሳይቆይ የሬዲዮውን ቆጠራ ተወ። የቴሌቪዥኑን ቀጠለ።

ሙዚቃ መምረጥ ራስ ምታት እንደሆነ የታወቀ ነው። ቀድሞ ይህን ሸክም የሚሸከመው ዲጄው ነበር፤ የሸክላ ኩባንያዎችም ድካሙን እያዩ እጅ መንሻ ያደርሱለት ነበር። በ1960 ኮንግረስ ተቆጥቶ፣ ለአድማጭ ሳይነገር ገንዘብ ተቀብሎ ሸክላ ማጫወት እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል እንዲሆን ደነገገ። ስመ ጥሩው ዲጄ አለን ፍሪድ በኒው ዮርክ የንግድ ጉቦ ሕግ ተከሶ በ1962 ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ የተፈረደበት 300 ዶላር ነው። ሥራውን ግን ከዚያ አስቀድሞ አጥቷል። ጣቢያዎቹ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ምርጫውን ከዲጄዎች እጅ አውጥተው ለአንድ የፕሮግራም ኃላፊ ሰጡት። ሎስ አንጀለስ ላይ ኬኤችጄ የተባለው ሬዲዮ በ1965 በቢል ድሬክ ምክር 30 ዘፈን ብቻ የያዘ ዝርዝር አወጣ፤ ከተማው ሙሉ እነዚያኑ እያዞረ ሰማ፣ ጣቢያውም አንደኛ ወጣ። ሸክላ ሻጩም ቢሆን በየዲጄው ቤት ደጅ ከመጥናት አንድ በር ማንኳኳት ይቀለዋል።

ስለ ማስታወቂያው መጠን የሚያማርሩ አሉ። የባለቤቶቹ ማኅበር የራሱ ደንብ ለሬዲዮ በሰዓት 18 ደቂቃ ማስታወቂያ ይፈቅድለት ነበር፤ ይህም ገደብ ይባላል። በ1963 የፌዴራሉ ኮሚሽን «የራሳችሁን ደንብ ሕግ እናድርገው» ቢል፣ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ጮኹ፣ ሐሳቡም ተጣለ። ደንብ ለክብር እንጂ ለመጠበቅ አይወጣም።

ድምፁ ይጮኻል የሚለው ሐሜትም የባለሙያ አይደለም። የድምፅ መለኪያው መርፌ ከቀዩ መስመር አላለፈም። የተደረገው ይህ ነው፦ ኮምፕሬሰር የሚባለው መሣሪያ ከፍ ያለውን ድምፅ ይጫናል፤ ከዚያ ጠቅላላው ከፍ ሲደረግ ዝቅ ያለውም ከከፍተኛው ጋር ይስተካከላል። መርፌው ያው ቦታ፣ ጆሮው ግን ሌላ ቦታ ነው። ኮሚሽኑ በ1965 የሚጮኹ ማስታወቂያዎችን በተመለከተ መመሪያ አወጣ፤ መመሪያው በለሆሳስ ስለተጻፈ ይመስላል ያልተሰማው። የሬዲዮ ማስታወቂያው ይጫወት የነበረው በካርትሪጅ፣ ማለትም ጫፍና ጫፉ ተቀጥሎ በማቀፊያ ውስጥ በሚዞር ቴፕ፣ ነው፤ መጀመሪያው ላይ የማይሰማ የ1,000 ኸርዝ ምልክት ስላለ፣ ዙሩን ጨርሶ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ምልክቱ ካልተቀዳ ወይም ከደከመ አይቆምም፤ ማስታወቂያው እንደገና ይጀምራል። በዚህ የተከፋ ነጋዴ አልተሰማም።

ይህ ሁሉ ተደርጎለት ሕዝቡ በገዛ እጁ ስልክ ያነሳበት አንድ ምሽት አለ። ኖቬምበር 17 ቀን 1968፣ እሑድ፣ ኤንቢሲ የኒው ዮርክ ጄትስንና የኦክላንድ ሬይደርስን የአሜሪካ እግር ኳስ እያስተላለፈ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የሰዓት ኩባንያው ታይሜክስ የገዛው የልጆች ፊልም አለ። ጄትስ 32 ለ29 እየመራ፣ 65 ሰከንድ ሲቀር ሰዓቱ ደረሰ። የኤንቢሲ አለቆች ጨዋታው ይቀጥል ብለው ወስነው ነበር፤ ነገር ግን ትእዛዙን ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ማድረስ አቃታቸው። ጨዋታው እንዳይቋረጥ የሚለምነው ተመልካችና ፊልሙ በሰዓቱ ይጀምራል ወይ የሚለው ወላጅ አንድ ላይ ደውሎ የስልክ መስመሩን አጨናንቆታል፤ በኋላም የማዞሪያው ፊውዝ ተቃጠለ። ፊልሙ ገባ። ኦክላንድ በቀረችው ደቂቃ ሁለቴ አግብቶ፣ በየጊዜው ሰባት ነጥብ እየወሰደ፣ 43 ለ32 አሸነፈ፤ የምሥራቁ አሜሪካ ተመልካች ግን ያየው የፊልሙን የተራራ ልጅ ነው።

የኤንቢሲ ፕሬዚዳንት ይቅርታ ጠየቁ። ድርጅቱም ዳግም እንዳይደርስበት መፍትሔ አበጀ፦ ለመቆጣጠሪያው ክፍል በሌላ ማዞሪያ በኩል የሚያልፍ የብቻው ስልክ ተገባለት፤ ከእንግዲህ ሕዝቡ የፈለገውን ያህል ቢደውል ማንንም አይረብሽም።