ቱቶሪያሉ ከሚድ በፊት ይምጣ

በየሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ኮሪደሮች የሚታየውን ሰልፍ የማያውቅ ተማሪም መምህርም የለም። ተማሪዎች የምዝገባ ወረቀታቸውን ይዘው በአማካሪያቸው ቢሮ በር ላይ ይቆማሉ፤ አማካሪው አንዳንዴ ቁጭ እንኳ ሳይል ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይፈርማል፤ ተማሪውም ወደ ሬጅስትራር ይሮጣል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እኔም እንዲሁ ፈርሜአለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አርባ ያህል ወረቀት ከፈረምኩ በኋላ፣ ከባለወረቀቶቹ የአንዱን እንኳ ያለፈ ውጤት እንዳላየሁ ትዝ ያለኝ ምሳ ላይ ነበር።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱን በየካቲት ወር ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ከነሻንጣው አገኘሁት። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ስለተሰናበተ ወደ ቤተሰቦቹ የሚወስደውን መኪና ይጠብቃል። «ምነው፣ ሳይመሽ መጥተህ ብታማክረኝ?» አልኩት። «መምህር፣ እርስዎ ጋ የሚመጣው ለማስፈረም ብቻ መስሎኝ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዩኒቨርሲቲዎቻችን የሴኔት ሕጎች ተማሪው አማካሪ እንዲኖረው ያዝዛሉ፤ የቱቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ፕሮግራምም በየኮሌጁ ዕቅድ ውስጥ አይጠፋም። ስለዚህ ድጋፍ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም ማለት አልችልም። ቅሬታዬ ድጋፉ የሚደርስበትን ሰዓት የሚመለከት ነው፤ ተማሪው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ ከወደቀ ወይም ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት በኋላ ይደርሳል፣ ያን ጊዜም «ለደካሞች» የሚል ስም ለብሶ ይመጣል።

ወደ ግቢ የሚገባውን ልጅ ሁኔታ እናስብ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግማሽ ላላመጡት የተዘጋጀው የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም የተጀመረውም ይህን ተከትሎ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣና፣ ኮርሱን ሁሉ ያለፈ ተማሪ እንኳ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪውን እንደማያገኝ ተደነገገ። መግቢያውም መውጫውም ጠበቀ ማለት ነው። ሁለቱንም አልቃወምም። ሆኖም በሁለቱ መካከል ባሉት ዓመታት ልጁን ማን ይይዘዋል ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ያው የፊርማ ሰልፍ ነው።

እኔ የማውቀው ቱቶሪያል ምን እንደሚመስል ልናገር። ቅዳሜ ጠዋት ስልሳና ሰባ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል፤ ያው የሳምንቱ መምህር፣ ያንኑ ስላይድ፣ ትንሽ ፈጠን አድርጎ ይደግመዋል፤ አቴንዳንስ ይዞራል፤ ይበተናል። መምህሩ ክፍያው ከወራት በኋላ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። የሴቶች ቱቶሪያል የሚባለው ደግሞ በጎ ታስቦ የተጀመረ ቢሆንም፣ ጎበዝ ጎበዝ ሴት ተማሪዎች «እኔ ደካማ ነኝ እንዴ?» እያሉ ሲሸሹት አይቻለሁ። (በድሬዳዋ ሙቀት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቱቶሪያል የሚያወጡ የፕሮግራም አዘጋጆችም አሉ፤ እነርሱ ራሳቸው በዚያ ሰዓት የት እንዳሉ መገመት አይከብድም።)

በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ የሚገኘው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው አሠራር ይህን የኀፍረት ጉዳይ በቀላል ዘዴ ፈትቶታል። ደካማ ተማሪ መፈለጉን ተወና ብዙ ተማሪ የሚጥሉትን ኮርሶች ለየ። ያንን ኮርስ ቀደም ሲል በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ይመረጣል፤ ከአዲሶቹ ጋር ክፍል ገብቶ ትምህርቱን እንደገና ይከታተላል፤ ከዚያ በሳምንት ውስጥ በተወሰኑ ሰዓታት የፈለገውን ሁሉ ሰብስቦ ጥያቄ ያሠራል፣ አጠናኑን ያሳያል፤ ለድካሙም ይከፈለዋል። ሌክቸር አይደግምም። የሚጀመረው ከመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነና ለኮርሱ ተማሪ ሁሉ ክፍት ስለሆነ፣ ኤ የሚያመጣውም ኤፍ የሚፈራውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሐረር የቁርኣን ቤቶች ቀደም ብሎ የገፋው ልጅ የታናሹን ሎህ ይዞ ያስቀራዋል፤ በየኔታ ዘንድም ዳዊት የደረሰው ፊደል ቆጣሪውን ያስቆጥራል። ያበላሸነው በቅርቡ ነው። የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት እርስ በርስ መማማርን ወደ ሪፖርትና ግምገማ ስለለወጠው፣ ዛሬ «የጥናት ቡድን» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር መምህር አለ፤ አልፈርድበትም። ያም ሆኖ ተማሪዎቹ ራሳቸው መማማሩን አልተዉትም፤ ማንም ሳያደራጃቸው በዶርም፣ በላውንጅ፣ በበርጫ ሳይቀር ይቀጥሉታል።

አንድ ምሽት ላውንጅ ውስጥ ሻይ ስጠጣ ያየሁትን ላንሳ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ሦስት የሁለተኛ ዓመት ልጆችን ታስጠናለች። ልጆቹ «ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ» የሚለውን ሸምድደዋል፤ ጥያቄው በዱቤ ስለተሸጠ ዕቃ ሲሆን ግን ሦስቱም ክሬዲት የሚለው ቃል ዱቤ ማለት ስለመሰላቸው ዱቤውን በቀኝ ጻፉት። እርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በሐሳብ ወደ ድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ወሰደቻቸው። «ባለሱቋ ስኳር በዱቤ ሰጥታህ ስምህን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ያ ስም ለእሷ ምኗ ነው?» አለችው አንዱን። «የምትቀበለው ገንዘብ።» «እንግዲህ ሀብቷ ነው። ሀብት ሲጨምርስ?» «ዴቢት!» «በቀኝ የሚገባው ሽያጩ ነው።» ከሦስቱ አንዱ አማርኛው አልገባ ሲለው በኦሮምኛ ደገመችለት፤ በመጨረሻም ሦስቱም ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲጽፉት አደረገች፤ ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነውና። «አቦ፣ ይሄን መጀመሪያ ቢነግሩን ምን ነበረበት?» አለ አንደኛው።

ይህች ልጅ የሠራችው ማንኛውም የቱቶሪያል ዕቅድ ሊያስቀምጠው የሚገባውን ነው። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ መጠየቅ አፍሮ የከረመ ተማሪ እርሷን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ቢቻል በሶማልኛ ለመጠየቅ አያፍርም። ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ሁለት ቋንቋ መቀያየር በለመደ ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ አስጠኚ ማግኘት አይቸግርም። የሚያሳዝነው ለዚያ ሥራዋ አምስት ሳንቲም አለማግኘቷ፣ ስሟም በየትኛውም ሪፖርት አለመጻፉ ነው። ለቅዳሜው ቱቶሪያል ከሚያዘው ገንዘብ የተወሰነው እንደ እርሷ ላሉ ተማሪዎች በሰዓት ቢከፈል፣ ለድሃ ልጅ የኪስ ገንዘብ ይሆናል፤ እርሷም ስታስጠና ለመውጫ ፈተናዋ ትዘጋጃለች። በነጻ ያገልግሉ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም፤ በነጻ የሚሠራ ሥራ የፈተና ሳምንት ሲመጣ ቀድሞ የሚቀረው እርሱ ነው።

አማካሪውን በተመለከተ የመምህራኑ ክርክር ተገቢ መሆኑን እቀበላለሁ። ደመወዙ የወር አስቤዛ ለማይሸፍንለት፣ ከማስተማሪያ ሰዓቱ በላይ ለተጫነበት ሰው «ስልሳ ተማሪ አማክር» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ቀልድ ነው። ማማከር ከሥራ ጫናው ውስጥ ተቆጥሮ የተማሪው ቁጥር ይወሰን። ከዚያ በኋላ ግን አማካሪው ከመፈረሙ በፊት የተማሪው ውጤት ፊቱ እንዲቀርብ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንትም የመጀመሪያው ኩዊዝ ሲታረም አንድ ጊዜ እንዲያነጋግረው ግዴታ ማድረግ ይቻላል። ሚድ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም፤ በኩዊዝና በአሳይመንት ብዙ ነጥብ የጣለ ልጅ በፋይናል የሚያካክሰው እምብዛም ነው።

ያ ከዚራ ያገኘሁት ልጅ በዓመቱ በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) ተመልሷል። እንደ ልማዱ ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ሲቆም «ግባና ተቀመጥ» አልኩት። ግራ ገብቶት ዙሪያውን ተመለከተ። ለካ ቢሮዬ ውስጥ ከእኔ ወንበር ሌላ መቀመጫ ኖሮ አያውቅም፤ ከጎረቤት ቢሮ ተበድረን አስገባን።