አኩኩሉ በበሬሳ ዳር

እዚህ ፍራንክፈርት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጀርመን አለ፣ ሃምሳውን ያለፈ፣ ልጆቹን ያደረሰ ቁምነገረኛ ሰውዬ። አንድ አርብ ቅዳሜን በምን ልታሳልፍ ነው ብለው በሳይክል ወንዝ ዳር ወንዝ ዳሩን እየሄድኩ ሳጥን ልፈልግ ነው አለኝ። የምን ሳጥን? ሰው የደበቀው። ለምን ደበቀው? እንድፈልገው። ካገኘኸው በኋላስ? ስሜን ጽፌበት እዛው መልሼ እደብቀዋለሁ። በቃ? በቃ። እንዴ፣ አኩኩሉ ነዋ! አልነጋም እያልን ድሮ የተውነውን ጨዋታ ሰውዬው በሽበቱ ሄልሜት አድርጎ ይጫወተዋል።

ስሙ ጂኦካሺንግ ነው። አንዱ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ወረቀት ከትቶ የሆነ ቦታ ይሸሽግና የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር የጨዋታው ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋል፣ ሌላው ስልኩን ይዞ ይሄድና ይፈልጋል። የተጀመረው አሜሪካኖቹ ለሲቪሉ ሆን ብለው ያደበዝዙት የነበረውን የጂፒኤስ ሲግናል በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትዕዛዝ ሲለቁት ነው፣ በፈረንጅ ሜይ 2 ቀን 2000 ተለቀቀ፣ በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ጫካ ገብቶ ባልዲ አስቀመጠ፣ ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ ቆርቆሮ ባቄላ ነው። ወደኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ሆነ። ያን ሰሞን እኛ ደብረ ብርሃን ሬዲዮ ከበን የግንባሩን ወሬ ነበር የምናዳምጠው፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጦርነቱ እንደገና ፈነዳ። ባቄላማ እኛም አገር ሞልቷል፣ ጫካ ወስዶ የሚያስቀምጥ ጤነኛ ሰው ነው የጠፋው። ዛሬ እንዲህ ያለ የተደበቀ ነገር በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ አለ።

ሳቄን የቆጠብኩት አብሬው ልሄድ ተስማምቼ እቅዱን ሳይ ነው። ሰውዬው ኤክሴል ከፍቷል። ከፍራንክፈርት ተነስተን ማይን ወንዝን ይዘን በኦፈንባህና በሃናው አድርገን ሰሊገንሽታት፣ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ ስንመለስ በባቡር፣ እዚህ አካባቢ ባቡር ላይ ሳይክል በነጻ ነው የሚጫነው። የእያንዳንዱ ሳጥን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 በሁለት ቁጥር ተጽፏል፣ አንዱ ለፍለጋው አንዱ ለመሬቱ አስቸጋሪነት። ቀጥሎ ደግሞ "ግራ ዳር ወይስ ቀኝ ዳር" የሚል አምድ አለ። ይሄ ምን ያደርጋል ብዬ ንቄው ነበር፣ መንገድ ላይ ነው የገባኝ፣ ስልኩ 80 ሜትር ቀርቶሃል ይልሃል፣ አንተ ትንደረደራለህ፣ ለካ ሳጥኑ ማዶ ነው፣ መሃል ላይ ወንዝ ተኝቷል፣ ድልድይ ፍለጋ ኪሎ ሜትሮች ልትነዳ ነው። ጂፒኤስ እንደ ወፍ ነው የሚለካው። ስለዚህ አንድ ዳር ይመረጣል፣ ከዛ ውልፍት የለም። ሌላው፣ ሁለት ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራራቅ አለበት የሚል ሕግ አላቸው፣ ታዲያ በየ161 ሜትሩ ከሳይክል የምትወርድ ከሆነ እግርህ ሳይሞቅ ይመሻል፣ እሱ ከሦስት አንዱን ብቻ ነው የሚመርጠው። ነፋሱንም አይቷል። መንፊያ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት እስክሪብቶ (ሁለት! አንዱ እንቢ ቢልስ) ደግሞ ወረንጦ ይዟል፣ ወረንጦው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ፍንጮቹም በምስጢር ነው የሚጻፉት፣ 26ቱን የላቲን ፊደል ለሁለት ከፍለው እያንዳንዱን በ13 ወደፊት ያዘልሉታል፣ ሲፈታም ያው በ13 ነው። በኛ ፊደል ይሞከር ይሆን ብዬ ቆጠርኩ፣ 231፣ ጎዶሎ ቁጥር ነው፣ ግማሽ የለውም። የኛ ምስጢር ቢፈታም እኩል አይፈታም ማለት ነው።

መንገዱን ምን ልበላችሁ፣ ለሳይክል ተብሎ የተነጠፈ፣ ወንዙን ተከትሎ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ መንገድ ነው፣ አንዱ ጫፍ ላይ ማይን ወደ ራይን ይገባል። ዳክዬ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቡና ቤት። የመጀመሪያውን ሳጥን ያገኘነው የብረት አጥር ጀርባ ላይ በማግኔት ተለጥፎ ነው፣ ሳጥን ይበሉት እንጂ የትንሿን ጣቴን ጥፍር ነው የሚያህለው፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ተጠቅልሎ ክብሪት እንጨት አክሏል፣ ወረንጦው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ ስም በስም ሆኗል፣ ከሁለት ቀን በፊት አንዱ መጥቶ ፈርሟል፣ ከሱ በፊት ባልና ሚስት፣ ከነሱ በፊት ሌላ። ሌላኛው የፕላስቲክ ቱቦ ዛፍ ሥር፣ ሌላኛው ሰፋ ያለ የምሳ ዕቃ፣ ውስጡ የልጅ አሻንጉሊት፣ ወስደህ በምትኩ ሌላ ታስቀምጣለህ። ቀኑን ሙሉ ስንነዳ ያገኘነው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም፣ ከአፉ ቃል የወጣው ግን ሁለቱ ናቸው፣ "ሞርገን" አሉን፣ የቀረው በደወል ክሊንግ አድርጎ ማለፍ ነው። ወረቀቶቹ ላይ ግን መቶ ምናምን ሰው ስሙን ከነቀኑ ጽፎ "ስለ ሳጥኑ አመሰግናለሁ" ብሏል! በአካል ሲያልፉህ አንገታቸውን የማያዞሩት ሰዎች እኮ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚህ ሰዎች ሰላም የሚባባሉበት ሰበብ ቢጠፋቸው ነው ሰላምታቸውን ሳጥን ውስጥ አስገብተው የደበቁት።

ጨዋታውን የማያውቀውን መንገደኛ ሙግል ይሉታል፣ ሙግል እያየህ ሳጥን ማውጣት ነውር ነው፣ ጫማህን የምታስር መስለህ ትጠብቃለህ። ሦስተኛ ወይ አራተኛ ጊዜ ስወጣ እኔ ድልድይ ሥር ተንበርክኬ ስዳብስ ሁለት ፖሊስ ከመኪና ወርደው ምን ጠፋህ አሉኝ፣ በትህትና ነው፣ መታወቂያም አዩ። ጓደኛዬ ከላይ መጥቶ ጂኦካሺንግ ሲላቸው ሳቁና ሄዱ። እሱ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲርመጠመጥ ሃያ ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ይሄን የተናገረው እሱ ራሱ ነው፣ እኔ ዝም ብያለሁ።

በ2011 ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አገር ቤት ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት የፕላስቲክ ቱቦና አንድ የምሳ ዕቃ አለ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በበሬሳ ዳር አንድ የሳይክል ቀን አዘጋጅቼ የእህቴን ልጅ ላስተምረው። (በሬሳ ወንዝ ነው እንግዲህ፣ የማያውቅ ሰው "ቤታችን በበሬሳ በኩል ነው" ሲሉት ይደነግጣል፣ ወርዶ ጀማን፣ በጀማ ዓባይን የሚቀላቀል ጨዋ ወንዝ ነው።) ኤክሴሌን ሠርቻለሁ፣ አንድ ዳር ብቻ፣ አራት ቦታ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከዛ ምሳ።

ሳይክል ፍለጋው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ልጅ ሆነን በ25 ሳንቲም አንድ ዙር ነበር የምንከራየው፣ አከራዩ ጥግ ላይ ቆሞ እየቆጠረ። አሁንም የተገኘው ያው የልጅ ኪራይ ነው፣ አንዷ የፊት ፍሬን የላትም፣ ሌላዋ ካቴናዋ በየመቶ ሜትሩ ይወልቃል፣ ጎማዋን ጎሚስታ ጋ ወስደን አስለጠፍን። እህቴ ደግሞ አኩርፋለች፣ ሰው ከጀርመን መጥቶ በሳይክል ሲዞር ጎረቤት ምን ይላል፣ ቢያንስ ባጃጅ ኮንትራት ያዝ ትለኛለች። ጀርመን አገር አለቃዬ በሳይክል ነው ሥራ የሚመጣው ብላት አለቃህ ዘመድ የለውማ አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ጠዋት አመዳይ ሜዳውን ነጭ አድርጎታል፣ ደብረ ብርሃን በጥር እጅ ይቆርጣል። መንገድ የሚባል የለም፣ የከብት መሄጃ ነው፣ ድንጋይ፣ ረግረግ፣ የገብስ ቃርሚያ፣ ቁልቁለት ላይ ወርደን እንገፋለን፣ አቀበት ላይም እንገፋለን፣ ሜዳ ላይ ብቻ እንነዳለን፣ ቁጥቋጦው ላይ የተሰቀለው ፌስታል ደግሞ ዓይን ያማል፣ ይሄን አልሸፍነውም፣ ማይን ዳር አንድ አላየሁም። ግን ያጓተተን መንገዱ አይደለም። ኩበት የተሸከመች ሴትዮ ሰላም ትላለች፣ ሰላም ብለህ ማለፍ የለም፣ የማን ልጅ ነህ ይመጣል፣ እናትህን አውቃታለሁ ይመጣል፣ ነፍሷን ይማር ይመጣል፣ ከዛ ዓይን ይታበሳል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ በግ የሚነዱ ሽማግሌ፣ ከውቂያ የሚመለሱ ጎልማሶች፣ ሁሉም ጋ መውረድ ነው፣ ሳይክል ላይ ተቀምጦ ሽማግሌ ሰላም አይባልም። በሦስት ሰዓት ውስጥ አራት ኪሎ ሜትር ሄድን።

የመጀመሪያውን ቱቦ ከጥቁር ድንጋይ ሥር ስከት ግራ ቀኙን ዓየሁ፣ ማንም የለም። ምናልባት አሥር ደቂቃ እንደሄድን ከኋላችን ጋቢ ያደፋ፣ ዱላ የያዘ፣ የስምንት ዘጠኝ ዓመት እረኛ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰብን። "ጋሼ! ጋሼ! ዕቃ ረስተው ሄዱ!" ቱቦዬን በሁለት እጁ ዘርግቶልኛል። አልረሳሁትም፣ ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት አልኩት። እኔን ትቶ ወደ እህቴ ልጅ ዞረና ቀስ ብሎ "አሟቸዋል እንዴ?" አለው።

ሁለተኛውን በባህር ዛፍ ጉቶ ሥር አደረግኩት። አሁን ደግሞ በጎቹን የሚነዱት አባት ከላይ ሆነው አይተውኛል። ወረዱ፣ ምንድነው የቀበርከው የኔ ልጅ አሉ፣ ድምፃቸው ቅድም ሰላም ያሉን ድምፅ አይደለም። የዛኔ ነው ላቤ የመጣው፣ ሰው ማሳ አጠገብ ተደብቆ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ማስቀመጥ እኛ አገር መተት ነው፣ ድግምት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ስንት ዓመት ብቀመጥ እንዴት ይሄ ጠፋኝ? አስከፍተው አዩት፣ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ። የሚመጣ ሰው ስሙን እንዲጽፍበት ነው አባባ አልኳቸው። ቆይተው፣ "ታዲያ ሰው እንዲመጣ ከፈለግህ ለምን ደበቅኸው?" አሉኝ። እስኪ ይሄን በጀርመንኛ ተርጉሙልኝ።

እዛ አገር ሳጥን ድልድይ ሥር አምስት ዓመት የሚቀመጠው የሚያይ ስለሌለ ነው። በሬሳ ዳር ዓይን የሌለበት ሜዳ የለም፣ ባዶ መስሎህ ስትፀዳዳ እንኳ ማዶ ሆኖ የሚያይህ እረኛ አለ። ሙግል ያልሆነ ሰው ፈልገህ አታገኝም፣ ደግሞ ሁሉም ሙግል ዕቃህን ሮጦ ይመልስልሃል። ልጅ ሆኜ ይሄ ዓይን አንቆኝ ነው ካገር የወጣሁት ብል ውሸት አይሆንም፣ ሲጋራ ለኩሼ ሳልጨርስ እናቴ ጆሮ ይደርስ ነበር፣ ፍራንክፈርት ስገባ ማንም አያየኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ያበድኩበት የመጀመሪያ ክረምት ትዝ ይለኛል። ሁለተኛው ክረምት ላይ ደስታው አልነበረም።

ቱቦዎቹን ተውኳቸው፣ የምሳ ዕቃው ነው የቀረው። ድልድዩ አጠገብ ሻይና አምባሻ የሚሸጡ ሴትዮ አሉ፣ ሳይክላችንን አስደግፈን ስንጠጣ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ሲስቁ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡት። "እኔ ጋ አስቀምጠዋ፣ የመጣ ሰው ይጠይቀኝ።" የጨዋታው ሕግ ለእረፍት የሄደ ሰው ደብቆ እንዲመጣ አይፈቅድም፣ ሲረጥብ የሚያደርቅ፣ ሲሞላ ወረቀት የሚቀይር ቅርብ ሰው ያስፈልጋል ይላል፣ ስለዚህ ከሕጉ ውስጥ እትዬ ያሟሉት እሱን ብቻ ነው፣ የቀረውን ሁሉ አፍርሰናል። ድረ ገጹ ላይም አልለጠፍኩትም። የምሳ ዕቃውን ከነደብተሩ ከነእስክሪብቶው አስረከብኳቸው፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እኔና የእህቴ ልጅ ስማችንን ከነቀኑ ጻፍን፣ እሳቸውም ጽፈውልን አራተኛ ሻይ በነጻ ቀዱልን።

ዛሬ ዛሬ ይሄን ማድረግ አይታሰብም። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ሰሜን ሸዋ ላይ ድልድይ ሥር አጎንብሶ፣ ስልክ እያየ፣ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለናንተ አልነግራችሁም።

የዛን ዓመት ሐምሌ ላይ የእህቴ ልጅ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ደስ አለኝ፣ ሃያ ምናምን ገጽ ተሞልቷል፣ ለጀርመኑ ጓደኛዬ ላሳየው ስልኬን ይዤ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ፣ በየመስመሩ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ልክ እንደነሱ። ምን ምን ብለው ጻፉ ሲለኝ ነው አስፍቼ ያነበብኩት። "የሾፌሩ ረዳት፣ 2 ሻይ 1 አምባሻ፣ አልከፈለም።" ከሱ ሥር፣ "ሹራብ የለበሰው አስተማሪ፣ 3 ሻይ፣ ቅዳሜ እከፍላለሁ ብሏል።" እስከ መጨረሻው ገጽ ዱቤ ነው። አራተኛዋ ሻይ እንኳ ተጽፋብኛለች።