ኩላሊቱ ለታመመ ውሻ ጉበት አይመከርም
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ውሾች ቤት ውስጥ ከሚዘጋጁ ማባበያዎች መካከል የደረቀ ጉበትን መጥቀሱ አሳስቦኛል፤ ጉበትም ሆነ አይብና የአጥንት ዱቄት ፎስፈረስ የተባለው ማዕድን ስለሚበዛባቸው፣ የተዳከመው ኩላሊት አጣርቶ ማስወገድ ስለሚያቅተው በደም ውስጥ ተከማችቶ ሕመሙን ያባብሰዋል። የምግብ ፍላጎቱ የጠፋበትን እንስሳ በሚወደው ነገር ለማባበል መጓጓት ከፍቅር የመነጨ መሆኑን እረዳለሁ፤ ሆኖም የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ክፍል ጥሩ ፕሮቲን ያለውና ፎስፈረሱ አነስተኛ በመሆኑ፣ አስኳሉ ተለይቶ እስከወጣ ድረስ፣ በእኔ እምነት እጅግ የተሻለ ምርጫ ነው። ዘሩ የወጣለት ፖምም ለብዙዎቹ ይስማማል። ወይንና ዘቢብ ግን የጤነኛ ውሻን ኩላሊት እንኳ ሥራ ሊያስቆሙ ስለሚችሉ ፈጽሞ ሊሰጡ አይገባም። ማባበያው ጨው ሳይገባበት ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ ባይበልጥ መልካም ነው፤ የፖታሲየም መጠን ከውሻ ውሻ ስለሚለያይም የደም ምርመራውን የተመለከተውን የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል።