በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያስወጣቸዋል?

ይቺን ጥያቄ ይቅር ማለት አቃተኝ። ጠያቂውን አላውቀውም፤ ጃኬት የለበሰ፣ ደህና ሰው የሚመስል ጎልማሳ ነው። ግን ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ስለዚህ ዛሬ ለእናንተ ነው የምናገረው፣ የአዲስ አበባ ሰዎች።

ፍልሰታ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ላይ አባርቷል። የእኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ እናት ኪዳን አድርሰው እየተመለሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለእኔ የ15 ደቂቃ መንገድ ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ ግማሽ ሰዓት። እኔ ከኋላቸው ዳቦ ይዤ እመጣለሁ። የእግረኛው መንገድ ላይ መጀመሪያ የአሸዋ ክምር አለ። ከአሸዋው ቀጥሎ አንዲት ነጭ ቪትስ አራቱንም ጎማዋን አውጥታ ቆማለች። ከእሷ ቀጥሎ የተደረደረ ብሎኬት። በስተግራ አጥር ነው። እማማ ቆም ብለው አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ ውሃው ያቆረበትን በምርኩዛቸው እየነካኩ ወደ አስፋልቱ ወረዱ።

ተሳፋሪ ሊቀድም የሚበር ሚኒባስ በስፖኪዮው ትከሻቸውን መታቸው። ወደቁ። ምርኩዛቸው ቦዩ ውስጥ ገባ። አልጮኹም እኮ፤ መጀመሪያ ያሉት "ነጠላዬ ጭቃ ነካው?" ነው።

ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ሹፌሩ ቆሟል፤ ልጅ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። የቪትሷ ባለቤት ከቁርስ ቤቱ ወጥቶ መጣ፤ መኪናውን ዞሮ አያት፣ ጭረት የለም፣ ተመልሶ ገባ። ያኔ ነው ያ ባለጃኬት "በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያስወጣቸዋል?" ያለው። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።

ምን ያስወጣቸዋል? እግር አላቸው፣ እሱ ያስወጣቸዋል! ፈጣሪያቸውን ሊያመሰግኑ ነው የወጡት። የከተማው ሰው ከግማሽ በላይ ጉዞውን በእግሩ ነው የሚሄደው። መኪና ያለው ጥቂቱ ነው። መንገድ ላይ ከሚሞተው ግን አብዛኛው እግረኛ ነው፣ እሱም ሲሞት ወቀሳው ለእሱ ነው። ዜብራ ስላልተጠቀመ ነው እንላለን። ዜብራው በሌለበት።

ወገኖቼ፣ እኛ ግን ቤት ስንመርጥ ምንድን ነው የምንመርጠው? እኔ ቤቱን ስገዛ ደላላውን ያልጠየቅሁት የለም። ስንት ካሬ ነው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ካርታው ንጹሕ ነው? ፓርኪንግ አለው? ያኔ እኮ መኪና እንኳን አልነበረኝም። ከታክሲ ወርጄ ማታ በምን መብራት እገባለሁ፣ ልጄ ለብቻዋ ትምህርት ቤት መድረስ ትችላለች ወይ፣ እናቴ ልትጠይቀኝ ብትመጣ የምታርፍበት ጥላ አለ ወይ አላልኩም። ደላላው እንደ ባለ መኪና ነው ያየኝ፤ እኔም ራሴን እንደዚያው አየሁት።

ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ቤቱ ጠባብ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ አልዋሽም፣ ብዙ የሚናፍቅ ነገር የለውም። ግን ወፍጮ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የዕድሩ ድንኳን ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ። አያቴ እስክትሞት ድረስ ቡና የምትጠጣበትን ቤት ራሷ ትመርጥ ነበር። አሁን እዚያ ሰፈር የለም፣ ፈርሷል። እኛም ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ተበትነናል። ከበር እስከ ታክሲ ሲኬድ አጥር ብቻ ነው የሚታየው፤ አንድ ሱቅ እንኳን ወደ መንገዱ ፊቱን አላዞረም።

መንግሥትን እንውቀስ ትላላችሁ። እንውቀስ። ግን በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋናው ጎዳና ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ወጥቷል፣ ማታ ማታ ሰው ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸርበት አይቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ኅዳር 30 ቀን 2011 "መንገድ ለሰው" ብለን መንገድ ዘግተን በእሁድ ሮጠንበታል፣ ፎቶ ተነስተናል። ሰኞ መኪናችንን የእግረኛው ላይ አቆምን። ወደ ውስጥ 200 ሜትር ስትገቡ መንገዱን የዘጋው ማን ነው? እኛው ነን። ጄኔሬተራችን፣ የሱቃችን ፍሪጅ፣ ብረታችን፣ አሸዋችን።

እሺ፣ ልናገረው። አሸዋው የእኔ ነው።

ኮንዶሚኒየም እንደምታውቁት ግድግዳና ጣሪያ ነው የሚሰጣችሁ፣ ሌላው በራስ ነው። ሴራሚክ ሳስነጥፍ የተረፈ አሸዋ ነው። ዛሬ አስነሳለሁ ነገ አስነሳለሁ ስል ስድስት ወር ሆነው። እማማ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ "ልጄ፣ ያቺን አሸዋ ብታነሳልኝ" ብለውኛል። አነሳህ አላነሳህ ብለው አልተቆጡኝም። "እሺ እማማ" አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ከአደጋው በኋላ አስነሳሁት። መቼ መሰላችሁ? በሌሊት። ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዤ፣ በጆንያ፣ ሰው እንዳያየኝ ድምፅ ሳላሰማ። አሸዋው የማን እንደነበር እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ "አንተስ ደግ ነህ" አለኝ። ብርቱካኑን ልጥለው ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወርጄ ሳይ አሸዋው ከነበረበት ቦታ ላይ ያቺው ነጭ ቪትስ ቆማለች። ቦታው ደልዳላ ሆኖላታል። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ድንጋይ ላስቀምጥበት አስቤ ነበር፣ ከዚያ ድንጋዩም ለእማማ ያው መሰናክል መሆኑ ታየኝ።

አሁን እማማ ቤት ገብተዋል። ወንበር እየገፉ ግቢ ውስጥ ይሄዳሉ። ባለፈው "መንገዱ ተከፈተ?" አሉኝ። "ተከፍቷል" አልኳቸው። ውሸቴን ነው። "ለልደት እንኳ ብደርስ" አሉ።

የቪትሷን ባለቤት ሄጄ አንኳኳሁበት። ልጅ እግር ነው። ስለ አሸዋው መጀመሪያ የነገርኩት እሱን ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና "ቦታ የለማ፣ ጋሼ" አለ። የለም፣ እውነቱን ነው። ቢሆንም ቁልፉን ይዞ ወረደ። በማግስቱ መልሶ አቆማት። ሦስተኛው ቀን ላይ አልነበረችም። ዛሬም የለችም። ነገን እንጃ፤ ዳቦ ልገዛ ስወርድ አያለሁ።