ግልጽ ደብዳቤ፦ ደጃችን ላይ ለተኙት ክቡር በረዶ

ቀን፦ ውሻው በሩን መቧጨር ከጀመረ አራተኛው ሰዓት
ለ፦ ክቡር በረዶ
ባሉበት (የሌሉበትን ቦታ ማግኘት ስላልቻልን)
ጉዳዩ፦ የውሻችንን ሽንት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን ከጉልበት በላይ የሆነ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ዝቅ ያለ ሰላምታ አስበን ነበር፤ ልኩን የወሰኑት ግን እርስዎ ነዎት።

ስምዎን አስተካክለን ባንጠራ አይቀየሙን። በአገራችን ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። መጽሐፍ ያገላበጠ አመዳይ ይልዎታል፤ እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ ልጅ ስኖው ብሎ ይገላገላል። እኛ የምናውቀው በረዶ ሩብ ሰዓት ያህል ጣራ ደብድቦ፣ የጓሮ ጎመን በሳስቶ፣ እንዳፈረ ሰው ቀልጦ የሚሄድ ነው። እርስዎ ግን ድምፅ ሳያሰሙ ገብተው ይተኛሉ። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን መዳብ ነው ይባላል። እርስዎ በሳምንትዎ የመኪና ጭስ ጠጥተው ይጠቁራሉ፤ አሁንም አይሄዱም።

ለማስታወስ ያህል፣ ጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላይ ዓርብ ከቀትር በኋላ ጀምረው እስከ ቅዳሜ ሌሊት አላቋረጡም። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ 74 ሴንቲ ሜትር ተለካብዎ። ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 45 ብቻ ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ ለካስ የመለኪያው ሰሌዳ ራሱ እርስዎ ውስጥ ሰጥሞ ጠፍቷል። የከተማው ባቡር ሜትሮ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ተዘጋ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ፎቶዎን አነሣ። የውሻ ፊኛ ግን ከከንቲባም ከሜትሮም ትእዛዝ አይቀበልም።

ወደ ጉዳያችን እንግባ። ውሻ የሚሸናው በአፍንጫው ፈቃድ ነው። ትናንት የሸናበትን ጥግ፣ የጎረቤት ውሻ የፈረመበትን ግንድ አሽትቶ፣ ከእግሩ ሥር ሣር መኖሩን አረጋግጦ ነው እግሩን የሚያነሣው። እርስዎ ያን ሁሉ የሰፈር መዝገብ ቤት በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም ቀቡት። ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ለማይሞላ፣ ሺትዙ ለሚሉት ትንሽ ውሻ፣ በር ሲከፈትለት የሚታየው ግቢ አይደለም፤ ሦስት እጥፉን የሚረዝም ግድግዳ ነው። ዞር ብሎ ያየናል። ግድግዳውን የገነባነው እኛ እንደሆንን ጥርጥር የለውም።

መድኃኒቱ አካፋ መሆኑን እናውቃለን፤ የምንሳሳተው ሰዓቱን ነው። አባርተው እስኪጨርሱ ሻይ እየጠጣ የሚጠብቅ ሰው ሒሳቡን ይየው። 2 በ3 ሜትር የሆነች ቦታ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ከተኙ 3.6 ኪዩቢክ ሜትር ነዎት። ደረቅና ቀለል ብለው በመጡ ቀን አንዱ ኪዩቢክ ሜትር 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ርጥብ ሆነው ሲመጡ እጥፉንም ያልፋል። ለአንድ ሽንት ሲባል ከሦስት ኩንታል ተኩል ጤፍ የማያንስ ሸክም መዛቅ ማለት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ቤተሰብ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር በሞሉ ቁጥር ወጥቶ ይጠርግዎታል፣ ሌሊትም ቢሆን አንድ ጊዜ ይነሣል። አካፋው ላይ እንዳይጣበቁ ሻማ ይታሻል፤ ሻማው ሲያልቅ የወጥ ቤት ዘይትም ይሠራል።

ከዚህ የሚቀለው የዋዜማው ሥራ ነው። ገና ሰማዩ ሲጠቁር ሸራ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ዙሪያውን በጡብ ይጫናል፤ ጡቦቹ ያሉበት እንዳይጠፋ አጠገባቸው ረጅም እንጨት ይተከላል። 10 ሴንቲ ሜትር ሲሞሉ ሸራው ላይ ያለው 60 ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለት ሰው ጫፉን ይዞ አጥፎ ይጎትተዋል፣ ሥሩ አረንጓዴ ሣር ብቅ ይላል፣ ውሻውም የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይሮጣል። ከዚያ ሸራው መልሶ ይዘረጋል። 40 እስኪሞሉ የቆየ ሰው ሸራውን የሚያገኘው በመጋቢት ነው። ቦታው ነፋስ በማይመታው በኩል ይሁን፤ ከጣራው ጠርዝ ግን ይራቅ፣ እርስዎ ከላይ ተንሸራተው የመውረድ አመል አለብዎ። የተጠረገው መንገድ መጨረሻ ደግሞ ሰፋ ይበል። ውሻ ዓይነ ምድር ከመውጣቱ በፊት ሦስት አራት ጊዜ ይሽከረከራል፤ እንደ ቦይ በጠበበ መንገድ መሽከርከር ያልቻለ ውሻ ሐሳቡን ቀይሮ ሳሎን ይመለሳል። ቄጤማ መጎዝጎዝ ብቻ ነው የቀረን፤ አንዳንዱ ቤት ጭድ በትኖ እሱንም ሞክሮታል፣ ደግሞም ሠርቷል።

ስለ አጥራችን እናመስግንዎ። 120 ሴንቲ ሜትር ነው ብለን እንኮራበት ነበር፤ 74ቱን ሲጥሉ የቀረልን 46 ሆነ። ነፋስ ሲገፋዎት አጥሩ ሥር ይከመራሉ፣ ላይዎ ይጠጥራል፣ ውሻው እንደ ደረጃ ረግጦዎት ጎረቤት ይገባል። ሽታውን ስለቀበሩበት መመለሻውን ማሽተት አይችልም። በገዛ ግቢው ውስጥ በማሰሪያ የሚሄድበት ምክንያት ይኸው ነው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው የስልክ ቁጥርና ከቆዳው ሥር በተቀበረው የመታወቂያ ቺፕ የተመዘገበው ቁጥር የዛሬ አምስት ዓመቱ ከሆነ ደግሞ ደዋዩ የሚያገኘው የቀድሞ የቤት ኪራይ ጎረቤትዎን... ይቅርታ፣ የእኛን ነው።

አሁን ስለ ጉዳይ አስፈጻሚዎ ስለ ጨው። ጎረቤቱ ሁሉ እርስዎን ለማቅለጥ ብሎ፣ ቋንጣ ሊያደርቅ ይመስል ደጁን በጨው ያለብሰዋል። ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚበትነው ሰው የሚያቀልጠው ገንዘቡን ነው። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው በዚያም ብርድ ይሠራል፤ ግን ውኃ ሲያገኝ ስለሚግል የውሻን መዳፍ ይለበልባል። ውሻው ይልሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ምንጣፉም ድርሻውን ይወስዳል። ከረጢቱ ላይ የውሻ ሥዕል ያለበት ዓይነት ብዙ ጊዜ ዩሪያ ወይም ማግኒዥየም ክሎራይድ ነው፤ ይሻላል እንጂ ለመላስ የተፈቀደ አይደለም። ለ10 የእግረኛ መንገድ ሰሌዳ አንድ ትልቅ የሻይ ኩባያ፣ 350 ግራም ገደማ፣ ይበቃል። ውሻ የሚወጣበት በር ላይ ግን ጨርሶ ጨው ትቶ አሸዋ መበተን ነው፤ አያቀልጥም፣ እግር ግን ይይዛል። ድመት የምትጸዳዳበትን አሸዋ ለመበተን የሚሮጥ ብልጥ በየሰፈሩ አለ። የሚጓጉለው ዓይነት ሸክላ ነው፤ ረጥቦ ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው ደግሞ ከእርስዎ ይብስ ያዳልጣል። ድመቷም አሸዋዋን ተዘርፋ ትቀራለች።

መዳፉ ላይ የሚሠሩት ደግሞ የጥበብ ሥራ ነው። በጣቶቹ መካከል ያለው ጠጉር ላይ ይለጠፋሉ፣ በገላው ሙቀት ትንሽ ይቀልጣሉ፣ መልሰው ይረጋሉ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሽምብራ የምታህል ጠጠር ጣቱ ውስጥ ትቀመጣለች። ውሻው እግሩን አንሥቶ በሦስት ይቆማል። ጠጠሯን መንጨት ጠጉሩን ከቆዳው ጋር መንጨት ስለሆነ በእጅ መዳፍ ይዞ ማቅለጥ ነው። ቀድሞ የጣቱን ጠጉር ከመዳፉ እኩል መከርከም፣ ከመውጣቱ በፊት ቫዝሊን በስሱ መቀባት፣ ሲመለስ በር ላይ በተቀመጠ ለብ ያለ ውኃ ነክሮ በየጣቱ መሐል ማድረቅ። ሳይደርቅ ከቀረ መዳፉ ይሰነጠቃል።

ጫማ የሚገዛም አለ። የሚለካው ውሻው ወረቀት ላይ ክብደቱን ጥሎ ቆሞ ነው፤ ሲቆም መዳፉ ይዘረጋልና። ማሰሪያው ከጠበቀ ደም ያግዳል፣ ከላላ አንዱ ጫማ እርስዎ ዘንድ በአደራ ይቀራል። ደግሞም ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ልምምድ ይፈልጋል፤ ያልተለማመደ ውሻ አራት እግሩን ተራ በተራ እያነሣ በእግሩ እስክስታ የጀመረ ይመስላል፣ መሽናቱንም ይረሳዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች 7 ሲያልፍ ትንሽና ጠጉረ አጭር ውሻ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ድመቷን በሚመለከት ቅሬታ የላትም። መስኮት ላይ ተቀምጣ እንደ ዳኛ ታይዎታለች። የእርሷ ሕግ ግልጽ ነው፤ ለአንዲት ድመት ሁለት የአሸዋ ሣጥን፣ ለሁለት ሦስት። ለሳምንት የሚበቃ አሸዋ ከዳቦና ከወተቱ ሰልፍ በፊት መገዛት አለበት። አንድ ነገር ላይ ግን ሽሙጣችንን እናቆማለን። ወንድ ድመት ደጋግሞ ሣጥኑ ላይ እየወጣ ጠብታ ካልወጣው ሽንቱ ታግዷል፤ ይህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። በዚያ ሰዓት መንገዱን እርስዎ ስለሚይዙት 24 ሰዓት የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ቤት የት እንደሆነ ገና ሳይመጡ መታወቅ አለበት። ጋራዥ ውስጥ የፈሰሰ አንቲፍሪዝም (የመኪና ውኃ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ) እንዲሁ ይገድላል። ጣፋጭ ነው፣ ለድመት አንዲት የሻይ ማንኪያ ትበቃለች፣ ለመትረፍ ያላት ጊዜ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የውጭ ድመቶች ደግሞ የሞተር ሙቀት ፈልገው ኮፈን ሥር ስለሚገቡ መኪና ከማስነሣት በፊት ኮፈኑን መደብደብ ይገባል።

መብራት ሲያጠፉብን በጋዝ የሚሠራው ማሞቂያም ይቆማል፤ ነፋሱን የሚገፋው ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሳይጠፋም ከቤቱ ጎን የወጣውን የማሞቂያውን ነጭ የጭስ ቱቦ ይቀብሩታል። ቱቦው ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ 74 ያህል ሲመጡ ጭሱ መውጫ አጥቶ ቤት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከውሻው መንገድ ቀጥሎ የሚጠረገው የቱቦው ዙሪያ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቀ የእኛ ሰው ግን መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያ ሐሳቡ ቡና ነው። በሩ በፎጣ ተወትፏል፣ መስኮቱ በላስቲክ ታሽጓል፣ ከሰሉ መሐል ሳሎን ይቀጣጠላል። አገር ቤት በቆርቆሮውና በበሩ ክፍተት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ የከሰል ጋዝ እዚህ መውጫ የለውም፤ ሽታም የለውም። ዕጣኑ ደግሞ የሚሸተውን እንኳ ይሸፍነዋል። በሽቦ ቤቷ ውስጥ ያለችው ወፍ ከሁሉ ቀድማ ትወድቃለች። ከሰሉ ውጭ ነው መቀጣጠል ያለበት፣ ጄኔሬተሩም ከቤቱ 6 ሜትር ርቆ። ጋዙን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ደግሞ ባትሪው ወጥቶ ለሪሞት ከተሰጠ ቆይቷል።

ቤት መዋል ደግሞ ድፎ ዳቦ ያስጋግራል። ሊጡ እንዲነሣ ማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣል፤ ልክ በውሻው አፍንጫ ቁመት። ጥሬ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ገብቶ መነሣቱን ይቀጥላል፣ እርሾውም አልኮል ያወጣል፤ ሆዱ ተነፍቶ በሰከረ እግር ይንገዳገዳል። ዶሮ ወጡንም «ትንሽ ቅመሱ» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ከበቂ በላይ ነው፣ ለድመት ከዚያም እጅግ ያነሰ። የወጥ ሽንኩርት ስንት እንደሚገባ ለምናውቅ ይህ ጥቂት ማንኪያ ወጥ ነው። የተቀቀለው አጥንት ደግሞ እንደ መርፌ ይሰነጠቃል።

ሲያበቁ ሕጉ ይከተልዎታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የእግረኛውን መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ ጥረጉ ይላል፤ ዲሲ በመጀመሪያዎቹ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት። ወገባችን እስኪቆረጥ የመኪናውን መግቢያ እንዳጸዳን ጠራጊው መኪና ይመጣና መልሶ ይሞላዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወደ መንገዱ ፊትን አዙሮ የዛቁትን በቀኝ በኩል የከመረ ሰው ብቻ ይድናል፤ መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚገፋ በግራ የተከመረው በሩ ላይ ተመልሶ ይራገፋል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከግቢው ሁሉ 6 ካሬ ሜትር ብቻ ይተዉልን፤ የቀረው የእርስዎ ነው። በመጋቢት ሲቀልጡ የሚገለጠውን፣ ውሻው በየቀኑ እርስዎ ላይ ያስመዘገበውን ሁሉ ቆጥረን እንረከባለን።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ አለው፤ ቀለሙ ረግቷል)

ግልባጭ፦
ለጨው፣ ለጠራጊው መኪና
ለድመቷ (ለመረጃ ያህል፤ መልስ አይጠበቅም)
ለሳሎኑ ምንጣፍ (ጉዳዩ ቀድሞ ደርሶታል)