ሞረድና ጓጉንቸር

አዳማ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ረዳት ሆኜ በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት ሙያ የቀሰምኩት በዓይኔ እየሰረቅሁ ነው። ዋናው መካኒክ ከባዱ ሥራ ላይ ሲደርስ “ሂድ ናፍጣ አምጣ” ይለኝ ነበር፤ ስመለስ ሞተሩ ተገጥሟል። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያውቀውን ሁሉ ካሳየኝ እንጀራውን የምነጥቀው ይመስለው ነበር።

በጀርመን ሽቱትጋርት አካባቢ በአንድ የመኪና ፋብሪካ የጥገና ሠልጣኝ ሆኜ ስገባ 29 ዓመቴ ነበር። ሙያው ሜካትሮኒክስ ይባላል፤ የመካኒክና የኤሌክትሪክ ሥራን አንድ ላይ የያዘ ነው። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ትንሹ ጊዜ በሙያ ትምህርት ቤት፣ ትልቁ በፋብሪካው ውስጥ። ሮቦት እነካለሁ ብዬ ስጠብቅ ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ የታሰረ ብረትና ሞረድ ሰጡኝ። ለሳምንታት ሞረድኩ። አሠልጣኛችን ስኳድራውን፣ ማለትም የማዕዘን መለኪያውን፣ ብረቱ ላይ አስደግፎ ወደ መስኮቱ ያነሣዋል፤ በመካከሉ ብርሃን ሾልኮ ከታየው “እንደገና” ነው መልሱ። ሦስት ብረት አበላሸሁ። ልክፈል ብዬ ስጠይቀው ግራ ገባውና “የተገዛው እኮ እንድትማርበት ነው” አለኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው የአገሬ ነገር ያንገበገበኝ። እዚህ የሠልጣኝ ስሕተት ቀድሞ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዝቅተኛው የሠልጣኝ ክፍያ እንኳን በሕግ ተወስኗል፤ በዚያ ዓመት ለጀማሪ በወር 515 ዩሮ ነበር። እኛም ዘንድ የትብብር ሥልጠና የሚባል አለ፤ አብዛኛው የሥልጠና ጊዜ፣ 70 በመቶ ያህሉ፣ በድርጅት ውስጥ እንዲያልፍ የታሰበ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ድርጅቱ “ዕቃ ያበላሽብኛል” ብሎ ልጁን ከማሽን ካራቀው፣ 70 በመቶው ወረቀት ላይ ይቀራል። አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን “ጠይብ” ብሎ መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቀንሷል፤ እጁ በቅባት የጠቆረ ልጅ ግን ዛሬም “ትምህርት እምቢ ብሎት ነው” ይባላል።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ጓጉንቸሩን ነው። ሮቦቶቹ ወዳሉበት አጥር ከመግባታችን በፊት ዋናው ማብሪያ ይጠፋና እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጓጉንቸር እናንጠለጥልበታለን። አምስት ሰው ከገባ አምስት ጓጉንቸር ይኖራል፤ ቁልፉ በባለቤቱ ኪስ ነው። የመጨረሻው ሰው ወጥቶ የራሱን እስካልፈታ ድረስ፣ መስመሩ ቆሞ ኪሳራው ቢቆለልም፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንኳን አያበራውም። አገር ቤት አንድ ወፍጮ ስንጠግን ማብሪያውን የሚጠብቀው አንድ ልጅ ነበር። ሰው ጠራውና ዞር አለ፤ ሌላው መጥቶ አበራው። ጓደኛዬ ሁለት ጣቶቹን አጣ። የአንድ ጓጉንቸር ዋጋ ስንት ነው? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

የአገሬን ባለሙያ ዝቅ ለማድረግ አይደለም። መለዋወጫ ሲጠፋ ብረት በማሽን ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ የሚያስቀርጽ፣ ሞተሩን በጆሮው ሰምቶ የትኛው ኩሽኔት (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው ክፍል) እንዳለቀ የሚናገር ሰው እዚያ አይቻለሁ። እዚህ ኩሽኔቱን በድምፁ ለይቼ ስናገር አሠልጣኜ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። አዳማ አልኩት።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ቢሾፍቱ ለትብብር ሥልጠና ወጥቷል። “ጋሼ፣ ምንም አያስነኩኝም” ብሎ ደወለልኝ። እኛ እዚህ በየሳምንቱ የሠራነውን ጽፈን አሠልጣኙን እናስፈርም ስለነበር፣ እሱም እንደዚያ እንዲያደርግ መከርኩት። ባለፈው እሑድ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። “ሰኞ፦ ቡሎን ለየሁ። ማክሰኞ፦ ቡሎን ለየሁ። ረቡዕ፦ ለማስፈረም ስሄድ ኃላፊው አነበቡት። ሐሙስ፦ የኤሌክትሪክ ቦርዱን ከፍተው አሳዩኝ።”