«ባህሌን አካፍላለሁ» ብላችሁ አትጻፉ

በአሜሪካ ኮሌጆች በአንድ ባህል ወይም ፍላጎት ዙሪያ ስለተቋቋሙት የተማሪዎች የጋራ መኖሪያ ቤቶች የጻፋችሁት ጥሩ ነው። እዚያ ለመኖር ስለሚጻፈው ማመልከቻ ግን ትንሽ ልጨምር። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 በጥቁሮች ባህል ዙሪያ የከፈተው ቤት ኡጃማ ይባላል፤ በስዋሂሊ «ቤተሰብነት» እንደማለት ነው። ስታንፎርድም በዚሁ ስም የሚጠራ ቤት አለው። የሐበሻ ልጆች «ይሄ ለእኛ ነው ወይስ ለጥቁር አሜሪካውያን ብቻ?» እያሉ ሲያመነቱ አያለሁ። ኧረ አመልክቱ!

እኔ ሌላ ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ኖሬያለሁ። «ለቤቱ ምን ታበረክታለህ?» ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ «ባህሌን አካፍላለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እዚያ የምትኖር አንዲት ልጅ አንብባ ሳቀችብኝ። «ይሄንንማ ሁሉም ይጽፋል» አለች። ሰረዝኩና «በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ቡና አፈላለሁ፤ ጀበናና ስኒ ከእኔ፣ ስኳር ከቤቱ» አልኩ። ገባሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ቡናው ገና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ቤቱ በሙሉ በፒጃማ ወጥቶ የእሳት አደጋ መኪና ጠበቀ። አንዱማ ፎጣ አገልድሞ ነበር። ከዚያ በኋላ እማዬ ቆልታ ትልክልኝ ጀመር።